ጆርጅ ኦርዌል እና የሌለው መጠጥ ቤት

ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ምክንያት ከአገራቸው ተሰድደው ለንደን የገቡት ጁን 3 ቀን 1936 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በስድስተኛው ቀን፣ ከለንደን በስተሰሜን በሚገኘው የሄርትፎርድሺር ግዛት፣ ዋሊንግተን በምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር፣ አንድ የ32 ዓመት ባለሱቅ በመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻውን ፈፀመ። ሙሽራው በጣም ረዥም፣ ሲበዛም ቀጭን ሰው ነው። የተከራያት አሮጌ ቤት ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀስባት። መብራት የላትም። ሽንት ቤቷ ደጅ ነው። የሳምንት ኪራይዋ 7 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ሲሆን፣ የሱቁ ትርፍ እሱን ለመሸፈን ያህል ቢበቃ ነው። ከጎኗ ደግሞ «ፕላው» (ማረሻ) የሚባል የመንደሩ መጠጥ ቤት ነበር።

ባለሱቁ ኤሪክ አርተር ብሌር ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ግን ጆርጅ ኦርዌል በሚለው የብዕር ስሙ ነው።

እኛ ኦርዌልን የምናስታውሰው በሁለት መጻሕፍቱ ነው። «አኒማል ፋርም»ን ያነበበ የአብዮቱ ዘመን ሰው አሳማዎቹን በስም ለመጥራት አይቸገርም። «1984»ን ያነበበ ደግሞ ግድግዳ ጆሮ አለው የሚለው የአበው ብሂል በዘመናዊ መንግሥት እጅ ሲገባ ምን እንደሚመስል አይቷል። በእነዚህ ሁለት መጻሕፍት ውስጥ፣ ከእነሱም በፊት በጻፋቸው፣ ሳይታክት የሚመላለስበት አንድ ቦታ አለ። እሱም የእንግሊዝ መጠጥ ቤት፣ እንግሊዞች «ፐብ» የሚሉት ነው። ኦርዌል ሰካራም አልነበረም። መጠጥ ቤት የሳበው ሌላ ነገር ነው፤ ተራ ሰው ጌታውንም ፖሊሱንም ሳይፈራ ከጎረቤቱ ጋር የሚያወራበት ቤት መሆኑ። ይህን ቤት ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው ኖሯል። አገኘውም አላገኘውም ማለት ይከብዳል።

አፍ የሚያሳብቅበት አገር

ብሌር የተወለደው በ1903 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ህንድ፣ ሞቲሃሪ በተባለች ከተማ ነው። አባቱ የቅኝ ገዢው መንግሥት የኦፒየም ንግድ በሚመራበት መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት እናቱ ወደ እንግሊዝ አገር ይዘውት ተመለሱ። ቤተሰቡ ባለፀጋ ባይሆንም ልጁ ጎበዝ ስለነበር በ1917 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ኢተን ገባ። ኢተን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትሮችና መሳፍንት ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው።

ከኢተን የወጣ ወጣት መንገዱ የታወቀ ነው፤ ወይ ኦክስፎርድ ወይ ካምብሪጅ። ብሌር ግን ሁለቱንም ትቶ በ1922 በበርማ የቅኝ ግዛት ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረ። አምስት ዓመት ሰውን ሲያስርና ሲያሳስር ቆይቶ በ1927 ሥራውን ለቀቀ። ከበርማ ይዞት የተመለሰው ነገር ቢኖር ፀፀት ነው። ከጨቋኞች ወገን ቆሞ እንደነበር ስለተሰማው ከተጨቋኞች ጋር መኖር ፈለገ። አሮጌ ልብስ ለብሶ ከለንደን የኔ ቢጤዎች ጋር አደረ። ፓሪስ ሄዶ በሆቴል ጓዳ ሳህን አጠበ። ይህን ሕይወት በጻፈበትና በ1933 በታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ላይ ነው ጆርጅ ኦርዌል የሚለው ስም ብቅ ያለው። ኦርዌል በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኝ ወንዝ ነው።

ችግሩ ልብስ መቀየር ቀላል፣ አፍ መቀየር ግን ከባድ መሆኑ ነው። እንግሊዝ አገር ሰው አፉን ሲከፍት መደቡ ይታወቃል። የኢተኑ ልጅ ቡትቶ ቢለብስም ንግግሩ ያሳብቅበት ነበር። ይህ ደግሞ ከየትኛውም ቦታ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው።

በ1931 የበጋ ማብቂያ ላይ ከቤት አልባ መንገደኞች ጋር ሆኖ በእግሩ ወደ ኬንት ግዛት ወረደና ሆፕስ ለቀማ ገባ። ሆፕስ ለቢራ ምሬትና ጠረን የሚሰጥ፣ ቶሎ እንዳይበላሽም የሚጠብቅ ተክል ነው፤ ጌሾ ለጠላችን እንደሚያደርገው ማለት ነው። ለቀማው የለንደን ድሆች ከነልጆቻቸው የሚሰማሩበት ሥራ ነበር። እሾካማው ሐረግ እጅ ይቧጭራል፣ ጭማቂው ጣትን ያጠቁራል፣ ክፍያው አይረባም። ቢራ ከጠጪው ፊት ከመቅረቡ በፊት በማን እጅ እንደሚያልፍ ኦርዌል ያየው ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ የገናን በዓል እስር ቤት ውስጥ አሳልፎ ኑሮውን ለመጻፍ አሰበ። ምሥራቅ ለንደን ሄዶ ሆን ብሎ ቢራና ውስኪ ጠጥቶ ሰከረ። ፖሊስ ይዞት ጣቢያ አደረ። የውሸት ስም ሰጥቶ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ የተፈረደበት ቅጣት ግን 6 ሺልንግ ብቻ ሆነ። የሚከፍለው ስላልነበረው ቀኑን እዚያው ውሎ ተለቀቀ። ለገና እስር ቤት የመግባት ዕቅዱ ከሸፈ።

ጣሳ የሰቀሉ እንግሊዛውያት

ወደ ዋሊንግተን ከመመለሳችን በፊት የእንግሊዝ የመንደር መጠጥ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ታሪኩ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ መንደር ገብስ አብቅለው ቢራ የሚጠምቁት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ከቤተሰቡ የተረፈውን ለጎረቤት ይሸጣሉ። ጠመቃው መድረሱን ለማሳወቅ በራቸው ላይ ረዘም ያለ እንጨት አቁመው ጫፉ ላይ የቅጠል እስር ያስራሉ። ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ በእንጨት ጫፍ የተሰቀለ ጣሳ አይቶ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በመጀመሪያ ይጠምቁት የነበረው ሆፕስ የሌለው ነው። ሆፕስ የገባበት ቢራ ከባሕር ማዶ መጥቶ የተስፋፋው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው።

በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ የለንደን ቢራ ሻጮች ምልክት እንዲሰቅሉ አዘዘ። ምክንያቱ ተቆጣጣሪ ቤቱን በቀላሉ ለይቶ ገብቶ ቢራውን እንዲቀምስ ነው። ሕዝቡ ማንበብ ስለማይችል ምልክቱ ሥዕል ሆነ፤ ቀይ አንበሳ፣ ዘውድ፣ ማረሻ፣ ነጭ ፈረስ። የዛሬዎቹ የፐብ ስሞች ከዚያ የወረዱ ናቸው።

በ1830 የወጣው የቢራ ቤቶች ሕግ ደግሞ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ሁለት ጊኒ ከፍሎ ቢራ የመሸጥ ፈቃድ እንዲያገኝ ፈቀደ። የመንግሥት ዓላማ ሕዝቡን ከጠንካራው ጂን አውጥቶ ወደ ቢራ ማምጣት ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የመኖሪያ ቤት ሳሎኖች መጠጥ ቤት ሆኑ። ቀስ በቀስ ግን ትልልቅ ፋብሪካዎች ቤቶቹን እየገዙ የራሳቸውን ቢራ ብቻ እንዲሸጡ አሰሯቸው። ጠማቂዋ ሴትዮ ከታሪኩ ወጣች።

የመንደር መጠጥ ቤት ከመጠጣት ያለፈ ብዙ ሥራ ነበረው። የእግር ኳስ ቡድኑ የሚሰበሰበው፣ የመረዳጃ ማኅበሩ መዋጮ የሚከፈለው፣ የከብት ዋጋ የሚነገረው እዚያ ነው። ሆኖም ቤቱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። አንዱ ክፍል ለሠራተኛው ነው፤ ወለሉ ጣውላ፣ አግዳሚው እንጨት፣ ዋጋው ረከስ ያለ። ሌላው ሳሎን ይባላል፤ ምንጣፍ አለው፣ ቢራውም ዋጋው ከፍ ይላል። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ በርሜል የተቀዳ ቢራ፣ በግድግዳ ተለይቶ ይጠጣል። ልጆች ደግሞ መጠጥ ወደሚሸጥበት ክፍል እንዳይገቡ ሕግ ይከለክላል።

ኦርዌል ይህን ግድግዳ በ1936 በወጣው «ኪፕ ዘ አስፒዲስትራ ፍላይንግ» በተባለው ልቦለዱ አሳይቶታል። ዋናው ገፀ ባሕርይ ጎርደን ድሃ ገጣሚ ነው። ወዳጁ ራቨልስተን ደግሞ ስለ ሠራተኛው መደብ የሚቆረቆር፣ ግን ራሱ ሀብታም የሆነ ሶሻሊስት። ሁለቱ ወደ አንድ ጭስ የሞላው የሠራተኛ መጠጥ ቤት ይገባሉ። ራቨልስተን ሠፈር ሙሉ ሰው ያፈጠጠበት ይመስለዋል፤ ቢራው ከጉሮሮው አልወርድ ይለዋል። ሕዝብን በሐሳብ መውደድና ከሕዝብ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኦርዌል እዚህ ላይ የቀለደው በራሱም ጭምር ነው።

የዋሊንግተን ባለሱቅ

ኦርዌል ዋሊንግተን የገባው በ1936 ኤፕሪል ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት በሰሜን እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ከተሞች እየዞረ የማዕድን ሠራተኞችን ኑሮ ሲያጠና ቆይቷል። የተከራያት ቤት ቀድሞ የመንደሩ ሱቅ ስለነበረች ሱቁን መልሶ ከፈተው። ስኳር፣ ከረሜላ፣ አስፒሪን፣ የአሳማ ሥጋ ይሸጣል። ጠዋት ይጽፋል፣ ከሰዓት ሱቁን ይከፍታል። ዶሮና ፍየል ያረባል፣ አትክልት ይተክላል። ያገባት ኤይሊን ኦሾክነሲ በኦክስፎርድ የተማረች፣ ለንደን ውስጥ የሥነ ልቦና ትምህርት ስትከታተል የነበረች ሴት ናት። ለሱ ስትል ገጠር ገብታ ከባንኮኒ ኋላ ቆመች። የኦርዌል ሕይወት ሲተረክ የሷ ድካም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሱቁም፣ ቤቱም፣ የእጅ ጽሑፎቹም የሷ እጅ ያረፈባቸው ነበሩ።

ዋሊንግተን ውስጥ አንድ «ማነር ፋርም» የሚባል እርሻ አለ። ይህን ስም አንባቢ ያውቀዋል። በ«አኒማል ፋርም» መጀመሪያ ላይ እንስሳቱ የሚያምፁበት እርሻ ስሙ ማነር ፋርም ነው፤ የመንደሩም ስም ዊሊንግደን። ኦርዌል ሩቅ አልሄደም።

በ1936 መጨረሻ ላይ ግን ሱቁንም ፍየሎቹንም ትቶ ፋሺዝምን ለመዋጋት ስፔን ዘመተ። በሜይ 1937 ጥይት አንገቱን በሳው፤ ለጥቂት ተረፈ። ከፋሺስት ጥይት ያመለጠው ሰው ከራሱ ወገን ካድሬዎች ለማምለጥ መደበቅ ነበረበት። የተሰለፈበት ፓርቲ በስታሊን ደጋፊዎች ከሃዲ ተብሎ ታገደ፤ ጓዶቹ ታሰሩ፤ ከሚስቱ ጋር ድንበር ተሻግሮ አመለጠ። በዓይኑ ያየውን ነገር ጋዜጦች እንዳልነበረ አድርገው ሲጽፉት አነበበ። ያለፈው ነገር ተሰርዞ እንደገና ሊጻፍ እንደሚችል የተረዳው በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ ቀሪ ዕድሜውን ይህ ፍርሃት አልተለየውም።

ሳንባው ታምሞ የ1938ን ክረምት በሞሮኮ ሲያሳልፍ «ካሚንግ አፕ ፎር ኤር» የተባለውን ልቦለድ ጻፈ። ጆርጅ ቦውሊንግ የተባለ ወፍራም የኢንሹራንስ ሠራተኛ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሚስቱን ደብቆ ወደ ተወለደባት ትንሽ ከተማ ይመለሳል። የከተማዋ አሮጌ ማረፊያ «ዘ ጆርጅ» አለ፤ ግን ታድሷል። አሮጌ እንዲመስል ተብሎ በአዲስ ዕቃ የተሞላ የውሸት ጥንታዊ ቤት ሆኗል። ቦውሊንግ መዝገቡ ላይ ስሙን ይጽፋል። ቤተሰቡ በዚያ ከተማ ስንት ዘመን ኖሯል፤ ተቀባይዋ ግን ስሙን አይታ ምንም አልመሰላትም። አንድ ሰው አገሩ እንደጠፋበት የሚያውቀው የሚያውቀው መጠጥ ቤት ገብቶ ማንም ሳያውቀው ሲቀር ነው።

ሬዲዮው፣ አሳማዎቹና ውስኪው

ጦርነቱ ሲመጣ ኦርዌል በጤናው ምክንያት ለውትድርና አልበቃም። ከ1941 እስከ 1943 በቢቢሲ ተቀጥሮ ለህንድ አድማጮች የሚተላለፍ ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበር። ጓደኞቹን የሚያገኘው ለንደን መሃል ባሉ፣ ጸሐፊዎችና የቢቢሲ ሰዎች በሚያዘወትሯቸው መጠጥ ቤቶች ነው።

በጃንዋሪ 1943 አንድ መጽሐፍ ገመገመ። መጽሐፉ «ማስ ኦብዘርቬሽን» የተባለ የጥናት ቡድን ቦልተን በተባለች የኢንዱስትሪ ከተማ የመጠጥ ቤቶችን ኑሮ ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ ያዘጋጀው ነው። አጥኚዎቹ ማን ምን ያህል ጠጣ ብቻ ሳይሆን ማን ከማን ጋር ምን እንዳወራ መዝግበዋል። ካገኙት ውጤት አንዱ፣ ከቤትና ከሥራ ቦታ ቀጥሎ ሕዝቡ ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው ቤተ ክርስቲያንም ሲኒማም ሳይሆን መጠጥ ቤት መሆኑ ነው። ኦርዌልን ያሳሰበው ግን የመጠጥ ቤት ዘመን እያለፈ መምጣቱ ነው። ሰዎች አብረው የሚሠሩት መዝናኛ፣ ዘፈኑና ክርክሩ፣ ቁጭ ብለው ብቻ በሚቀበሉት መዝናኛ እየተተካ ነው ብሎ አየ። ሲኒማና ሬዲዮ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ናቸው፤ ሰውን ያፈዛሉ፣ ከጎረቤቱም ይለያሉ። ይህን የሚለው ራሱ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ነው። በዚያው ዓመት ቢቢሲን ለቀቀና «ትሪቢዩን» በተባለው የግራ ክንፍ ሳምንታዊ ጋዜጣ የሥነ ጽሑፍ አዘጋጅ ሆነ። «አኒማል ፋርም»ንም መጻፍ ጀመረ።

«አኒማል ፋርም»ን ብዙዎቻችን ያነበብነው ስለ አብዮት ነው ብለን ነው፤ ነውም። በመጠጥ በኩል ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው። የእርሻው ባለቤት ጆንስ ሰካራም ነው፤ እንስሳቱ የሚያምፁት እሱ ጠጥቶ ምግባቸውን ሲረሳ ነው። ከተባረረ በኋላ «ቀይ አንበሳ» በተባለው የመንደር መጠጥ ቤት ተቀምጦ ላገኘው ሁሉ በደሉን ያወራል። እንስሳቱ ደግሞ መጠጥን በሕግ ይከለክላሉ። ቆይቶ አሳማዎቹ የውስኪ ሳጥን ያገኛሉ፣ ይሰክራሉ፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ሕግም በሌሊት ይቀየራል፤ የተከለከለው ከመጠን በላይ መጠጣት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ለጡረተኛ እንስሳት ሊከለል የነበረው መስክ ታርሶ ለቢራ የሚሆን ገብስ ይዘራበታል። ታታሪው ፈረስ ቦክሰር ጉልበቱ ሲያልቅ ለአራጅ ይሸጣል፤ አሳማዎቹም ከየት እንዳመጡት ባልታወቀ ገንዘብ ውስኪ ይገዛሉ። መጨረሻ ላይ አሳማና ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የቢራ ኩባያ ሲያጋጩ፣ ሌሎቹ እንስሳት በመስኮት ያያሉ። አብዮቱ የመጠጥ ቤቱን ግድግዳ አላፈረሰም፤ ከሳሎኑ ውስጥ የሚቀመጡትን ብቻ ለወጠ።

መጽሐፉን በርካታ አሳታሚዎች መልሰውበታል። ሶቪየት ኅብረት በወቅቱ የጦር አጋር ስለነበረች ስታሊንን ማስቀየም የፈለገ አልነበረም። በኦገስት 1945 ሲታተም ግን ኦርዌልን በአንድ ጊዜ ዝነኛ አደረገው። ኤይሊን ይህን አላየችም። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ለቀዶ ሕክምና በተሰጣት ማደንዘዣ ሕይወቷ አልፏል። በማደጎ ያሳደጉት ሪቻርድ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ዐሥሩ መስፈርቶች

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1946፣ ሚስቱን በቀበረ በዓመቱ ገደማ፣ ኦርዌል «ኢቭኒንግ ስታንዳርድ» በተባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱ «ዘ ሙን አንደር ወተር» ነው፤ ጨረቃ ከውሃ ሥር እንደማለት። የሚወደውን መጠጥ ቤት ያስተዋውቃል። ቤቱ ከአውቶቡስ ፌርማታ ሁለት ደቂቃ ቢያስኬድም በጓሮ መንገድ ላይ ስለሆነ ሰካራምና ረባሽ አያገኘውም። ጌጡ ሁሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የውሸት ጥንታዊነት የለበትም። ክረምት ላይ ምድጃው ይነዳል። ሬዲዮም ፒያኖም ስለሌለ ወሬ ይሰማል። አስተናጋጆቹ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ሲሆኑ አብዛኛውን ደንበኛ በስም ያውቁታል። ሲጋራ ብቻ ሳይሆን አስፒሪንና ቴምብር ይሸጣል፤ ስልክ መደወልም አይከለከልም። መክሰስ አለ፤ ፎቅ ላይም ርካሽና ጠንካራ ምሳ ይበላል። ጥቁሩ ድራፍት አለ፤ መጠጫውም መያዣ ያለው ነው።

ከሁሉም በላይ ኦርዌል የሚያደንቀው የጓሮውን አትክልት ቦታ ነው። በዛፎቹ ሥር ጠረጴዛ አለ፣ ለልጆች ዥዋዥዌና መንሸራተቻ አለ። እናት ቤት ቀርታ ልጅ ስትጠብቅ አባት ብቻውን ወጥቶ አይጠጣም፤ ቤተሰቡ አንድ ላይ ይመጣል። ልጆችን፣ በእነሱም ምክንያት እናቶችን፣ ከመጠጥ ቤት ማራቅ ቤቱን የስካር ጎሬ ያደርገዋል፤ መሆን የነበረበት ግን የቤተሰብ መሰብሰቢያ ነው ይላል ክርክሩ። አዘውታሪዎቹም የሚመጡት ለቢራው ያህል ለወሬው ነው።

ከዚያም አንባቢው አድራሻውን ልጠይቅ ሲል፣ ኦርዌል ቤቱ እንደሌለ ይነግረዋል። ከሚፈልጋቸው ዐሥር ነገሮች ስምንቱ ያሉበት አንድ ቤት እንደሚያውቅ፣ ዐሥሩንም ያሟላ ግን አይቶ እንደማያውቅ ያምናል። የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁመው ይጠይቃል። በወቅቱ ይኖር የነበረው ኢዝሊንግተን በሚባለው የለንደን ክፍል ስለሆነ፣ የዚያ አካባቢ መጠጥ ቤቶች ኦርዌል ያሰበው እኛን ነው ሲሉ ይኖራሉ።

ጽሑፉ ከለመድናቸው የኦርዌል ሥራዎች አንፃር ቀላል ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ጊዜውን እናስብ። ለንደን በቦምብ ፈራርሳለች፣ ምግብ በራሽን ነው፣ ጸሐፊው ባለቤቱ ሞታበት ሕፃን ይዞ ቀርቷል። በዚህ መሃል ቁጭ ብሎ ሰው በስሙ የሚታወቅበት፣ ልጅ የሚጫወትበት፣ የማንም ፕሮፓጋንዳ በሬዲዮ የማይጮህበት ቤት በዝርዝር ሠራ። በሚቀጥለው ልቦለዱ ውስጥ ያ ቤት ምን እንደሚሆን ደግሞ አሳየን።

ግማሽ ሊትር

በ1946 ኦርዌል ከለንደን ሸሽቶ ከስኮትላንድ ጠረፍ ባሻገር ወዳለችው የጁራ ደሴት ሄደ። በመኪና ለመድረስ የሚያስቸግር፣ መብራትና ስልክ የሌለው የገበሬ ቤት ተከራየ። የሳንባ ነቀርሳው እየባሰበት፣ አልጋ ላይ ሆኖ እየተየበ «1984»ን በ1948 መጨረሻ ላይ ፈፀመ።

በመጽሐፉ ውስጥ ዊንስተን ስሚዝ የፓርቲ ሠራተኛ ነው፤ ሥራውም አሮጌ ጋዜጦችን እያወጣ ታሪክን ማስተካከል ነው። ከአብዮቱ በፊት ኑሮ የተሻለ ነበር ወይስ የባሰ? የሚያውቅ የለም፤ መዛግብቱ ሁሉ ተቀይረዋል። አንድ ምሽት ተራው ሕዝብ ወደሚጠጣበት ቤት ይገባል። ሲገባ የሰው ድምፅ ዝቅ ይላል። አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ከሻጩ ጋር እየተጨቃጨቀ ያገኛል። ሽማግሌው በቀድሞው የእንግሊዝ መለኪያ አንድ ፓይንት ይፈልጋል፤ ሻጩ ደግሞ ቃሉን ሰምቶት አያውቅም፤ ሕጉ የሚያውቀው ሊትርና ግማሽ ሊትር ነው። ግማሹ ለሽማግሌው አይበቃውም፤ ሊትሩ ደግሞ ይበዛበታል።

ዊንስተን ቢራ ገዝቶለት ስለ ድሮው ዘመን ይጠይቀዋል። ሽማግሌው ስለ ባርኔጣ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ስለገፈተረው ሀብታም፣ ስለ ቢራው ዋጋ ያስታውሳል። የተጠየቀውን ግን መመለስ አይችልም። ፓርቲው ሰውየውን አልገደለውም፣ አላሰረውም። የሚያስታውሰውን ነገር ከሌላ ሰው ትዝታ ጋር የሚያገጣጥምበትን ወሬ ብቻ ነው ያጠፋበት። ትዝታ ብቻውን ሲቀር ብጥስጣሽ ይሆናል።

መጽሐፉ የሚያልቀውም መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ነው። «ቼስትነት ትሪ» ካፌ ውስጥ ዊንስተን ብቻውን ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌስክሪን ይለፈልፋል። አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ጂን ይቀዳለታል፤ የሚያናግረው ግን የለም። የ1946ቱ ጽሑፍ ዐሥር መስፈርቶች እዚህ ተገልብጠው ይገኛሉ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

«1984» በጁን 1949 ታተመ። በኦክቶበር ኦርዌል ሆስፒታል አልጋ ላይ እንዳለ ሶኒያ ብራውኔልን አገባ። ጃንዋሪ 21 ቀን 1950 ለንደን ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 46 ነበር። ሰተን ኮርትኒ በምትባል የገጠር መንደር ተቀበረ። መቃብሩ ላይ ያለው ስም ኤሪክ አርተር ብሌር ነው፤ ስለ መጻሕፍቱ አንድም ቃል የለበትም።

ከሱ በኋላ

የኦርዌል ምናባዊ መጠጥ ቤት ከሱ ሞት በኋላ ባለቤት አገኘ። በ1979 የተመሠረተው ዌዘርስፑን የተባለ የመጠጥ ቤቶች ኩባንያ በርካታ ቤቶቹን «ሙን አንደር ወተር» ብሎ ሰየማቸው። ስሙ የአንድ ሰው ሕልም ነበር፤ አሁን በተለያዩ ከተሞች በር ላይ ተሰቅሎ ይገኛል።

የቀሩት መጠጥ ቤቶች ግን እያነሱ ነው። በ2000 በመላው ብሪታንያ 60 ሺህ ያህል ፐቦች ነበሩ፤ በ2023 ወደ 45 ሺህ ወርደዋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የሱፐርማርኬት ቢራ ረክሷል፣ ግብርና የቤት ዋጋ ንሯል፣ በ2007 በእንግሊዝ መጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስ ተከልክሏል። ሰውም ማታ ማታ ከጎረቤቱ ይልቅ ከስክሪን ጋር ማምሸት ለምዷል። የመጨረሻውን ኦርዌል በ1943 ተናግሮት ነበር፤ ያኔ ስክሪኑ ገና ኪስ ውስጥ አልገባም። የዋሊንግተኑ «ፕላው»ም ከተዘጉት አንዱ ነው። ሕንፃው አለ፤ የግል መኖሪያ ሆኗል።

ሁሉም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1971 የባህላዊውን በርሜል ቢራ ለመታደግ የተቋቋመው የጠጪዎች ማኅበር ዛሬም አለ። በ2011 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ደግሞ የእንግሊዝ መንደር ነዋሪዎች መጠጥ ቤታቸውን የማኅበረሰብ ንብረት ብለው እንዲያስመዘግቡ፣ ሊሸጥ ሲልም ገንዘብ አሰባስበው ለመግዛት ጊዜ እንዲያገኙ ያደርጋል። አንዳንድ መንደሮች በዚህ መንገድ አክሲዮን እያዋጡ ቤቱን ገዝተዋል። አንዱ ክፍል ሱቅ፣ ሌላው ፖስታ ቤት ሆኖ በመንደሩ ሰው የሚተዳደር መጠጥ ቤት ዛሬ ብርቅ አይደለም።

ቴምብርና አስፒሪን የሚሸጥ፣ ባለቤቱ የመንደሩ ሰው የሆነ፣ ልጆች በጓሮው የሚጫወቱበት ቤት። ኦርዌል ቢያየው ስንቱን መስፈርት አሟላ እያለ መቁጠሩ አይቀርም ነበር።